መታሰቢያ ለፔንጎ

ጁላይ 31 ቀን 1946 የሃንጋሪ ገንዘብ ፔንጎ የመጨረሻ ቀኑን ዋለ። በማግስቱ፣ ኦገስት 1 ቀን፣ ፎሪንት የተባለው አዲስ ገንዘብ ሥራ ጀመረ። ልውውጡ የተቆረጠው ለሰው አእምሮ በሚከብድ ልክ ነበር፤ ለአንድ ፎሪንት 4 ተጽፎ 29 ዜሮ የሚከተለው ፔንጎ ይመነዘር ነበር። በዚያች ዕለት በመላ አገሪቱ በሰው እጅ የነበረው የፔንጎ ኖት አንድ ላይ ተቆልሎ ቢሸጥ አንድ የአሜሪካ ሴንት እንኳ አያወጣም ነበር። ፔንጎ ሲያልፍ ዕድሜው 19 ዓመት ከ7 ወር ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በእኛ አገር ሰው ሲያርፍ የሕይወት ታሪኩ ይነበባል። የት እንደተወለደ፣ ምን እንደሠራ፣ ማንን እንደጠቀመ ይነገራል፤ አሟሟቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፋል። ለፔንጎ ይህ ወግ አልደረሰውም። ዓለም የሚያውቀው አሟሟቱን ብቻ ነው። በሰው ልጅ ታሪክ ከተመዘገበው የዋጋ ንረት ሁሉ የከፋው የእርሱ ስለሆነ፣ ስሙ የሚነሳው ዜሮ ለመቁጠርና ለመደነቅ ነው። የቆዩ ኖቶችን የምንሰበስብ ሰዎችም ከዚህ ጥፋት ነጻ አይደለንም። ብዙዎቻችን ከፔንጎ ዘመን የምንፈልገው ትልቁን ቁጥር ነው፤ ሰው ያገባበት፣ ልጅ ያስተማረበት፣ ቤት የሠራበት ትንሹ ኖት ግን ይረሳል። ስለዚህ ለፔንጎ የሚገባውን የሕይወት ታሪክ እነሆ።

ፔንጎ የተወለደው ከሌላ ገንዘብ ሞት በኋላ ነው። የኦስትሪያና ሃንጋሪ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት በአንደኛው የዓለም ጦርነት ተሸንፎ ፈረሰ። ሃንጋሪ ጁን 4 ቀን 1920 በፈረመችው የትሪያኖን ውል ከቀድሞ ግዛቷ ሁለት ሦስተኛ ያህሉን አጣች። የዚያ ዘመን ገንዘብ ኮሮና ይባል ነበር። መንግሥት ወጪውን በኖት ማተሚያ ሲሸፍን ኮሮና ከዓመት ዓመት እየቀለለ ሄደ። በ1924 የመንግሥታቱ ማኅበር ባመቻቸው ብድር የአገሪቱ ሒሳብ ቀና፤ በዚያው ዓመት የሃንጋሪ ብሔራዊ ባንክ ተቋቋመ። አዲሱ ገንዘብ በ1925 በሕግ ተወስኖ ጃንዋሪ 1 ቀን 1927 በይፋ ሥራ ላይ ዋለ። አንድ ፔንጎ 12,500 ኮሮናን ተካ። የወርቅ ልኩም በሕግ ታሰረ፤ ከአንድ ኪሎ ንጹሕ ወርቅ 3,800 ፔንጎ ይወጣ ነበር። አንድ ፔንጎ በ100 ፊለር ይዘረዘራል።

ቀጥሎ የመጡት ዓመታት የፔንጎ ደግ ዘመን ናቸው። ባለ 1 እና ባለ 2 ፔንጎው ሳንቲም ከብር ይሠራ ነበር። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ኖቶቹ ላይ የአገሪቱ ታላላቅ ሰዎች ታተሙ። በ20 ፔንጎው ላይ የ1848ቱ የነጻነት ትግል መሪ ላዮሽ ኮሹት፣ በ50 ፔንጎው ላይ ባለቅኔው ሻንዶር ፔቴፊ፣ በ100 ፔንጎው ላይ የ15ኛው ክፍለ ዘመን ንጉሥ ማትያሽ ነበሩ። የቅርጹ ሥራ ረቂቅ ነው። መስመሮቹ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ናቸው፤ ቀለሙ ዛሬም አልጠፋም። ኖቱን ለዘለቄታ ያዘጋጁት ሰዎች ሙያ በእያንዳንዱ ጥግ ይታያል።

ዘመኑ ለሁሉም አልጋ ባልጋ አልነበረም። የ1929ኙ የዓለም ኢኮኖሚ ቀውስ ሃንጋሪንም መታ፤ በ1931 ባንኮች ተናግተው መንግሥት የውጭ ምንዛሪ ቁጥጥር አወጀ። ድሃው ገበሬና ሥራ ያጣው የከተማ ሰው ብዙ መከራ አይቷል። ፔንጎ ግን ጸና። በ1930ዎቹ በአገሪቱ የታወቀ አንድ ዘፈን ነበር፤ ዘፈኑ በወር 200 ፔንጎ ቋሚ ደመወዝ ያለውን ሰው የተደላደለ ኑሮ ያነሳል። አንድ ሕዝብ የደስታውን ልክ በገንዘቡ ስም ሲዘፍን፣ ያ ገንዘብ እምነት አግኝቷል ማለት ነው። 200 ፔንጎ የወር ኪራይ፣ ምግብና ልብስ ችሎ፣ ለእሁድም የሚተርፍ ገንዘብ ነበር። ይህን ቁጥር አንባቢ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ፤ ጥፋቱን መመዘን የሚቻለው በእርሱ ነው።

ሃንጋሪ በጁን 1941 ከጀርመን ጎን ተሰልፋ ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ገባች። የሳንቲሙ ብር በአሉሚኒየም ተተካ። በጃንዋሪ 1943 ሁለተኛው የሃንጋሪ ጦር በዶን ወንዝ ዳር ተደመሰሰ። ማርች 19 ቀን 1944 ጀርመን የራሷን ተባባሪ አገር ያዘች። ከሜይ አጋማሽ እስከ ጁላይ መጀመሪያ ባሉት ጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ400,000 በላይ የሃንጋሪ አይሁዶች በባቡር ተጭነው ወደ አውሽቪትስ ተላኩ፤ አብዛኞቹም ተገደሉ። ስለ ፔንጎ የሚጽፍ ሰው እነዚህን ሰዎች ሳያነሳ ማለፍ አይገባውም። በባንክ ደብተራቸው፣ በሱቃቸው መሳቢያ፣ በልጆቻቸው የቁጠባ ሣጥን የነበረው ገንዘብ ፔንጎ ነበር። ያ ገንዘብ ዋጋ ከማጣቱ በፊት ባለቤቶቹ ጠፍተዋል። ከዚያ ዘመን የቀረ ኖት ስንይዝ፣ በእነማን እጅ እንዳለፈ ማወቅ ባንችልም፣ ከእነርሱም እጅ ወጥቶ ሊሆን እንደሚችል ማሰብ ይገባናል።

በመኸር 1944 ፋሺስቱ የቀስት መስቀል ፓርቲ በጀርመን ድጋፍ ሥልጣን ያዘ። የሶቪየት ጦር እየቀረበ ሲመጣ የብሔራዊ ባንኩ ወርቅ፣ 30 ቶን ያህል፣ ወደ ምዕራብ ተጭኖ በኦስትሪያ ተራሮች መካከል በምትገኘው ሽፒታል አም ፒርን በተባለች ቦታ ተቀመጠ። ቡዳፔስት ከዲሴምበር 1944 መጨረሻ እስከ ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1945 ተከበበች። ሕንጻዎቿ ፈረሱ። ወደ ኋላ ያፈገፈገው የጀርመን ጦር በከተማዋ ያሉትን የዳንዩብ ድልድዮች በሙሉ አፈነዳቸው። የቀይ ጦር አዛዥነትም በራሱ ስም የፔንጎ ኖት አሳትሞ በያዘው አካባቢ አሠራጨ። አንድ ገንዘብ ወርቁ በውጭ አገር ሲሆን፣ ፋብሪካው በፈረሰበት አገር ሲያገለግል፣ ከአንድ በላይ አሳታሚ ሲያትመው፣ የቆመበት መሠረት ተንዷል።

ጦርነቱ ሲያበቃ ዕዳው መጣ። በጃንዋሪ 1945 ሞስኮ ላይ በተፈረመው የተኩስ አቁም ስምምነት ሃንጋሪ 300 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ካሣ እንድትከፍል ተወሰነባት፤ 200 ሚሊዮኑ ለሶቪየት ኅብረት፣ ቀሪው ለዩጎዝላቪያና ለቼኮስሎቫኪያ። አገሪቱን የያዘውን ጦር መቀለብም የራሷ ድርሻ ነበር። ሐዲድ መዘርጋት፣ ድልድይ ማቆም፣ ፋብሪካ ማስነሳት ነበረባት። ግብር የሚከፍል ሰው ጥቂት ነበር፤ የሚከፍለውም ገንዘቡ መንግሥት ካዝና እስኪደርስ ድረስ ዋጋውን ያጣ ነበር። መንግሥት የቀረውን በማተሚያ ቤት ሞላ። ኖት በታተመ ቁጥር ዋጋ ናረ፤ ዋጋ በናረ ቁጥር ተጨማሪ ኖት ታተመ።

ንረቱን ለመግታት የተሞከሩት ዘዴዎች ዛሬ በሰብሳቢ እጅ ይገኛሉ። በዲሴምበር 1945 መንግሥት የ1,000፣ የ10,000 እና የ100,000 ፔንጎ ኖቶች ቴምብር ካልተለጠፈባቸው እንደማያገለግሉ አወጀ። ቴምብሩ የሚገዛው በኖቱ ዋጋ ሦስት እጥፍ ነበር። አራት ሺሕ ፔንጎ የነበረው ሰው ሦስቱን ከፍሎ አንዱን ያስቀር ነበር ማለት ነው። ሦስት አራተኛው የሕዝብ ጥሬ ገንዘብ በአንድ አዋጅ ተወሰደ። ይህም ንረቱን ለጥቂት ጊዜ እንጂ አላቆመውም። ቴምብር የተለጠፈበት የ1,000 ፔንጎ ኖት ያየ ሰው፣ ቴምብሩ በጥንቃቄ፣ ጥጉ ሳይጣመም እንደተለጠፈ ያስተውላል። የለጠፈው ሰው የቀረችውን አንድ አራተኛ ለማዳን ተስፋ አድርጎ ነበር።

ጃንዋሪ 1 ቀን 1946 ደግሞ የግብር ፔንጎ የሚባል የሒሳብ መለኪያ ተጀመረ። ዋጋው በየቀኑ በሬዲዮ እየተነገረ ከንረቱ ጋር ይስተካከል ነበር። የመጀመሪያ ዓላማው የመንግሥት ግብር እንዳይቀልጥ መጠበቅ ነበር፤ ቀጥሎም በባንክ የሚቀመጥ ገንዘብ በእርሱ እንዲሰላ ተፈቀደ። ሰው ሁሉ ወደዚያ ሸሸ፤ ተራው ፔንጎ ብቻውን ቀረ። በመጨረሻ የግብር ፔንጎውም በኖት መልክ ወጥቶ ሲታተም እርሱም በተራው ዋጋ አጣ። ሁለቱ በጃንዋሪ መባቻ እኩል ነበሩ። በጁላይ መጨረሻ አንድ የግብር ፔንጎ 2 ተጽፎ 21 ዜሮ የሚከተለው ተራ ፔንጎ ሆነ።

በዚህ ሁሉ መካከል የኖቶቹ ስም ራሱ ተለወጠ። ዜሮው ከወረቀቱ ሲያልፍ፣ ሚሊዮን ፔንጎ በአንድ ቃል ሚልፔንጎ ተባለ። እርሱም አልበቃ ሲል የሚሊዮን ሚሊዮኑ ቢ-ፔንጎ ተባለ። አዲስ ቅርጽ ለማውጣት ጊዜ ስላልነበረ የድሮው ሥዕል ቀለሙ ተቀይሮ፣ ስሙ ተተክቶ ዳግም ይታተም ነበር። ፀጉሯን በሻሽ የሸፈነች አንዲት ወጣት ሴት በመቶ ሚሊዮን ፔንጎ ኖት ላይ አለች፤ በኖቱ ጀርባ በዳንዩብ ዳር ያለው የቡዳፔስት ፓርላማ ይታያል። ይህችው ሴት በመቶ ሚሊዮን ሚልፔንጎ ላይ አለች። ይህችው ሴት እንደገና በመቶ ሚሊዮን ቢ-ፔንጎ ላይ አለች። በመጀመሪያውና በመጨረሻው ኖት መካከል ያለፈው ጊዜ ጥቂት ወራት ነው፤ በስማቸው መካከል ያለው ልዩነት ግን ሚሊዮን ጊዜ ሚሊዮን ነው። የመጨረሻው 1 ተጽፎ 20 ዜሮ የሚከተለው ነው፤ በዓለም ታሪክ በገበያ ላይ ከዋሉት ኖቶች ሁሉ ከፍተኛው ቁጥር ያለው እርሱ ነው። ከእርሱም አሥር እጥፍ የሚበልጥ ኖት ታትሞ ነበር፤ ሳይሠራጭ ፔንጎ አለፈ።

በጁላይ 1946 ዋጋ በየ15 ሰዓቱ በእጥፍ ይጨምር ነበር። ሠራተኛ ጠዋት የተቀበለውን ደመወዝ ማታ ድረስ ቢያቆየው ግማሽ ያህሉን ያጣል። ስለዚህ ፋብሪካዎች ደመወዝን በምግብ፣ ያውም በካሎሪ እየለኩ መክፈል ጀመሩ። የቡዳፔስት ነዋሪ አልጋውን፣ ካፖርቱን፣ የሠርግ ልብሱን ተሸክሞ ገጠር ወርዶ በዱቄትና በስብ ይለውጥ ነበር። ወርቅ የነበረው ሰው በናፖሊዮን የወርቅ ሳንቲም ይገበያይ ነበር። በጡረታ የሚኖሩ ሽማግሌዎች፣ የመንግሥት ሠራተኞች፣ የጦር ሙታን ሚስቶች፣ ለልጅ ማስተማሪያ ሲያጠራቅሙ የኖሩ ወላጆች የሚለውጡት ሲያልቅ ምንም አልቀራቸውም። ያ በወር 200 ፔንጎ የሚዘፈንለት ኑሮ፣ ለአሥር ዓመት እንኳ ተቆጥቦ ቢሆን ኖሮ፣ በዚያ ጁላይ ምንም ዋጋ አልነበረውም።

ይህን ታሪክ የሚያነብ ኢትዮጵያዊ አንድ የሚያውቀው ነገር ያገኛል። አያቶቻችን ጠገራ ብር ይሉት በነበረው የብር ሳንቲም ላይ ያለችው ማርያ ቴሬዛ የሃንጋሪም ንግሥት ነበረች፤ በሳንቲሙ ዙሪያ በላቲን ፊደል ካጠረው ማዕረጓ ውስጥ የሃንጋሪ ስም አለ። አባቶቻችን ወረቀት አንቀበልም ብለው ያንን ብር ሲቆጥሩና ሲያጮኹ የነበረው ያለ ምክንያት አልነበረም። በጁላይ 1945 መንግሥታችን አዲሱን የወረቀት ብር ሲያወጣም 50 ሳንቲሙን ከብር ሠርቶታል። ኢትዮጵያ ከጦርነት ወጥታ በወረቀት ገንዘብ ላይ እምነት ልትተክል በጀመረችባቸው በእነዚያው ወራት፣ በንግሥቲቱ አገር ሕዝቡ በወረቀት ላይ የነበረውን እምነት እያጣ ነበር።

ለእውነት ሲባል ሌላው ወገንም መነገር አለበት። በዚያ በታተመ ገንዘብ ፋብሪካዎች ተነሥተዋል፤ ባቡሮች ተንቀሳቅሰዋል። በ1946 መጀመሪያ በፈረሱት ድልድዮች ምትክ የኮሹት ድልድይ በዳንዩብ ላይ ተከፈተ። ኢኮኖሚስቶች ንረቱ ታቅዶ ነበር ወይስ አገሪቱ ሌላ መንገድ አጥታ ነው በሚለው ዛሬም ይከራከራሉ። የማይከራከሩበት ነገር ዋጋውን ማን እንደከፈለ ነው። አገር የተሠራው በቋሚ ደመወዝ በሚኖሩና በቆጠቡ ሰዎች ገንዘብ ነው። እነርሱ አበድረው አያውቁም፤ ፈቅደውም አልሰጡም። ስማቸው በድልድዩ ላይ አልተጻፈም። በወረቀት የቀረላቸው ምስክር እነዚህ ኖቶች ብቻ ናቸው።

በኦገስት 1946 ወርቁ ከኦስትሪያ ከወሰደው ከአሜሪካ ጦር እጅ ወደ ቡዳፔስት ተመለሰ፤ ፎሪንትም በእርሱ ተደግፎ ጸና። በዚያ ሰሞን የተነሣ አንድ ፎቶግራፍ በዓለም ታውቋል፤ የመንገድ ጠራጊ በመጥረጊያ የፔንጎ ኖቶችን ወደ ቦይ ይጠርጋል። ያ ሥዕል ለዓለም መደነቂያ ሆኗል። ለእኔ ግን የሚታየኝ የተጠረገው ምን እንደነበረ ነው።

ኖት መሰብሰብ ያስተማረኝ ነገር ይህ ነው። በሰብሳቢዎች ዘንድ ያልታጠፈ፣ ያልቆሸሸ ኖት ይበልጥ ይከበራል፤ ዋጋውም ይጨምራል። በፔንጎ ዘመን ኖቶች ላይ ይህ መለኪያ ሌላ ነገር ይናገራል። የ1946ቱ ትልልቅ ኖቶች በብዛት ተርፈዋል፤ ብዙዎቹ አዲስ እንደወጡ ናቸው፣ ዋጋቸውም በሰብሳቢ ገበያ ርካሽ ነው። አዲስ የሆኑት ሰው ለማጠፍ ጊዜ ስላልነበረው ነው። የ1926ቱ የመጀመሪያ ኅትመት ግን ብርቅ ነው፤ ሲገኝም ብዙውን ጊዜ አርጅቶ፣ አራት ቦታ ታጥፎ፣ ጠርዙ ተሸርፎ ነው። ያረጀው ስለሠራ ነው። በቦርሳ ተይዟል፣ በመደርደሪያ ላይ ተቆጥሯል፣ ለልጅ ተሰጥቷል። በኖት ላይ ያለ መታጠፊያ የተኖረ ሕይወት ምልክት ነው። ስለዚህ ያረጀውን የ20 ፔንጎ ኖት ከንጹሑ የመቶ ሚሊዮን ቢ-ፔንጎ ኖት አብልጬ እይዛለሁ።

ሌሎች አገሮችም ይህን ዓይነት ገንዘብ ቀብረዋል። በኖቬምበር 1923 ጀርመን ውስጥ አንድ ዶላር 4.2 ትሪሊዮን ማርክ ደርሶ ነበር፤ ሬንተንማርክ የተባለው አዲስ ገንዘብ አንዱ አንድ ትሪሊዮን ማርክን ተካ። በዚያ ዘመን የጀርመን ከተሞች በየራሳቸው ባወጡት ኖት የአካባቢያቸውን ታሪክና ተረት ሥለዋል፤ የቢለፌልድ ከተማ በሐር ጨርቅ ላይ ሳይቀር አትማለች። ሰብሳቢዎች በውበታቸው ይይዟቸዋል። የፔንጎን መታሰቢያ የተለየ የሚያደርገው ግን አንድ ትውልድ ገንዘቡን ሁለት ጊዜ መቅበሩ ነው። በ1927 እያንዳንዱን 12,500 ኮሮና በአንድ ፔንጎ ለውጦ እንደገና የቆጠበ ሰው፣ በ1946 ሁለተኛውን ቁጠባም ቀበረ። እንደገና ቆጥቦ እንደገና መክሰሩ ስንፍናውን አያሳይም፤ አገሩን ማመኑን ያሳያል። ከፔንጎ ጋር የጠፋው ትልቁ ሀብት ያ እምነት ነው።

ስለዚህ የሥራ ባልደረቦቼ ለሆናችሁ ሰብሳቢዎች ሁሉ አንድ ልመና አለኝ። በአልበማችሁ ውስጥ የመቶ ሚሊዮን ቢ-ፔንጎ ኖት ካለ፣ ከጎኑ አንድ የ1930ዎቹ ትንሽ ኖት አኑሩ፤ የሚያየው ሰው ምን እንደጠፋ ያውቅ። ኖት ስትገዙ ሻጩ ከየት እንዳገኘው ጠይቁና ጻፉት። አንባቢ ሆይ፣ አንተም በቤትህ የአያትህ ጠገራ ብር ወይም ዛሬ የማያገለግል የቆየ ኖት ካለ አትጣለው፤ ባለቤቱ በሕይወት ካለ ያ ገንዘብ በምን ሥራ እንደተገኘና ለምን እንደተቀመጠ ዛሬውኑ ጠይቀውና ከኖቱ ጋር በጽሑፍ አኑረው። የአንድ ኖት ዋጋ በአዋጅ ሊሻር ይችላል፤ ለእርሱ የተከፈለው ድካም ግን እስከተነገረ ድረስ አይሻርም።